ተካልኝ ያልሞረደው ናስ

ተካልኝን አልወደውም። ይህን መጀመሪያ ላይ ተናግሬ ልገላገል፤ ብደብቀውም አንባቢ ብዙ ሳይሄድ ይደርስበታል። ሰውየው በድሎኝ አያውቅም። አላማኝም፣ ደንበኛ አልነጠቀኝም፣ ለቅሶ ቤት ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወንበር ይለቅልኛል። የሚያናድደኝም ይኼው ነው። የሚቀኑበት ሰው ቢያንስ ትንሽ ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት?

እኔ በላቸው እባላለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የብስክሌት ቴላዮ በእጅ ስሠራ ነው። ቴላዮ ማለት ጎማውን፣ መሪውን፣ ካቴናውንና ኮርቻውን ነቃቅላችሁ ስትጨርሱ የሚቀረው የብረት አካል ነው። ሰው ሲሰማ "ብስክሌት ደግሞ በእጅ ይሠራል እንዴ?" ይለኛል። አዎ፣ ይሠራል! ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ ሱፍ እንደማሰፋት ነው። ባለቤቱ ይለካል፣ ቱቦው በልኩ ይቆረጣል፣ በእሳትና በናስ ይያያዛል፣ ይሞረዳል፣ ይቀባል። ላፍቶ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሱቅ ነበረኝ። ዓይኔ እምቢ ሲለኝ ዘጋሁት፤ አሁን ቦታው ላይ የሞባይል ቀፎ ይሸጣሉ።

ብዕር ያስነሳኝ አንድ ጎረምሳ ነው። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ቆሜያለሁ፤ ልጁ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ውሃ ይገዛል። ዓይኔ ብስክሌቱ ላይ አረፈ። ቀለም የለውም። ብረቱ ራቁቱን፣ በላዩ ላይ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ብቻ ተቀብቶ፣ ቱቦ ከቱቦ የተያያዘበት ቦታ ሁሉ ናሱ ቢጫ ሆኖ ያበራል።

"አንተ ልጅ፣ ቀለሙስ?" አልኩት፣ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ። "ገንዘብ አጠረህ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ፋሽኑ እኮ ይኼ ነው!" አለና ሳቀ። ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን በጣቱ አሳየኝ። "አዩት ብየዳውን? አልተሞረደም፣ አልተቀባም። የሰው እጅ እንደሠራው ያስታውቃል። የጋሽ ተካልኝ ሥራ ነው፤ ጀሞ ነው ያለው። ያውቁታል?"

አውቀዋለሁ ወይ? ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከበቡሽ ፊቴን አየችና "ደግሞ ተካልኝ ምን አደረገ?" አለችኝ። እንግዲህ ይህን ያህል ነው የታወቅሁት።

"ያስታውቃል" አለኝ እኮ ልጁ፣ ለሙገሳ! እኔ ሥራ በተማርኩበት ቤት ያ ቃል ስድብ ነበር።

ያ ቤት የጋሽ ዘርዓይ ወርክሾፕ ነው፣ ነፋስ ስልክ። ጋሽ ዘርዓይ ሙያውን አስመራ ጣሊያኖች ጋ የተማረ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ፣ መነጽሩን በሽቦ አስሮ የሚያደርግ ሰው ነበር። እኔና ተካልኝ እሱ ጋ የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። ጋሽ ዘርዓይ ጠዋት ገብቶ ቶሎ እሳት አይለኩስም። መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ እኛንም ያስታጥበናል። ናስ ቅባት አይወድም፤ ቱቦው ላይ የጣት ወዝ ካለ ናሱ ይንከባለላል እንጂ አይዝም። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በካቲካላ ነክሮ የቱቦውን ጫፍ ይወለውላል። ከካቲካላው ለቱቦውም ለራሱም ይደርሳቸው ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ቱቦው ይቀድማል።

ሥራችንን ሲመረምር ደግሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ጨፍኖ የአውራ ጣቱን ጥፍር ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው በመጋጠሚያው ላይ ቀስ አድርጎ ይጎትታል። ጥፍሩ ትንሽ ከተያዘ "ያስታውቃል" ይልና ይመልስልሃል። ወደ ሞርሳው ትመለሳለህ፣ ብረቱን ታስነክሳለህ፣ እንደገና ትሞርዳለህ። ጥፍሩ ምንም ሳይነካው ካለፈ ግን "አያስታውቅም" ይላል። በቃ። ከሱ አፍ ሌላ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፤ ያቺን አንዲት ቃል ስሰማ ደግሞ ምሳ ሳልበላ እውል ነበር።

የዚያ ዘመን ወግ እንዲህ ነበር። ከኛ በፊት የነበሩት የጣሊያን ብስክሌቶች መጋጠሚያቸው ላይ ጌጠኛ የብረት እጅጌ ነበራቸው፣ ጫፉ እንደ ቅጠል የተቆረጠ። ቱቦው እዚያ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበየደው። እጅጌው ከገበያ ሲጠፋ ጋሽ ዘርዓይ ያለ እጅጌ መሥራት ጀመረ። ቱቦውን ከቱቦ በናስ ያያይዛል፣ ናሱን ሞርዶ ሞርዶ ያለሰልሳል፣ ይቀባል። ያየ ሰው ብስክሌቱ ከአንድ ብረት የፈሰሰ ይመስለዋል። ደንበኛ "ኧረ የት ጋ ነው የተቀጠለው?" ብሎ ሲጠይቅ የኛ ደስታ ሌላ ነበር።

እኔ በሞረድ ተካንኩ። በክብ ሞረድ መጀመሪያ ሰፋ አድርጎ፣ ቀጥሎ በግማሽ ክቡ፣ መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ወረቀት በቀጭኑ ቀዶ ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውለው ግራና ቀኝ እየሳቡ ማለስለስ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። ተካልኝ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሞረድ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ ወይ ሽንት ቤት ይሄዳል ወይ ሻይ ያመጣልናል። እሳት ላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ተካልኝ እሳት ላይ ሌላ ሰው ነው። ነበልባሉን ያሳንሳል፣ የናሱን ዘንግ ነካ ነካ ያደርገዋል፣ ናሱ ማር ከማንኪያ እንደሚወርደው ዞሮ ገብቶ ይቀመጣል። እኔ ናስ አበዛለሁ። ምን ቸገረኝ፣ ሞረዱ አለ እያልኩ። እሱ ሞረዱን ስለሚጠላ ገና ከእሳቱ አስተካክሎ ያወጣዋል።

አንድ ቀን ተካልኝ ያልተሞረደ ቴላዮ አምጥቶ ለጋሽ ዘርዓይ ሰጠው። ሰውየው እንደ ልማዱ ዓይኑን ሊጨፍን ብሎ ተወው። ይዞት ወደ መስኮቱ ሄደ፣ መነጽሩን አስተካከለና አየው። ብዙ አየው። እኔ ሞርሳው ላይ ሆኜ ሞረዴ እጄ ላይ ቀርቷል። ከዚያ መለሰለትና "ሞርደው" አለው።

ተካልኝ "ተቆጣኝ እንዴ?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ሞኝ! እኔ ግን ገብቶኛል። የኔን ሥራ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያየው፣ የሱን ግን ገልጦ አየ። እስከ ዛሬ ያ መስኮት አይረሳኝም።

ጋሽ ዘርዓይ ሲሞት ወርክሾፑን ዘመድ ወሰደውና ተዘጋ። እኔና ተካልኝ አንድ የብረት አልጋ ፋብሪካ ተቀጠርን። ደሞዙ ከወር ወር ያደርሳል፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የማወራው የለኝም። አለቃችን ድምፁ ከመፍጫ ማሽኑ በላይ የሚሰማ ሰው ነበር። እኔ የአልጋ እግር ብየዳ ስሞርድ ከኋላዬ መጥቶ "በላቸው! አልጋ ነው እኮ፣ ሙሽራ አይደለም!" ይለኛል። ሠራተኛው ይስቃል። ተካልኝ ሳይሞርድ እየበየደ የኔን እጥፍ ያወጣል። ብዙ ሳይቆይ የክፍሉ ኃላፊ አደረጉት። ኃላፊ ሆኖም "በሌ፣ ከፈለግህ ሞርድ፣ እኔ አላየሁም" ይለኝ ነበር። ይኼም ያናድዳል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋብሪካውን ለቅቄ ላፍቶ ሱቅ ከፈትኩ። ያኔ ላፍቶ ገና ጤፍ ይዘራበታል፤ ደንበኛዬ ሱቄን የሚያገኘው "ከበሬዎቹ አለፍ ብለህ" ተብሎ ነው። ተካልኝም ትንሽ ቆይቶ ወጣ፤ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ጀሞ ገባና የመስኮትና የበር ፍርግርግ መሥራት ጀመረ። ብስክሌት በዓመት አንድ ሁለት ቢያገኝ ነው። እኔ በዚያ ደስ ይለኝ ነበር። የብስክሌት ሰው እኔ፣ የፍርግርግ ሰው እሱ። ዓለም በልኳ ቆማለች ብዬ አምን ነበር።

የደንበኛ አምሮት ግን እንደ ሴት ቀሚስ ነው፤ ሲረዝም ያጥራል፣ ሲያጥር ይረዝማል። መጀመሪያ ሁሉም የላይኛው ቱቦ ቀጥ ብሎ እንዲተኛ ይፈልግ ነበር፤ ከጎን ሲያዩት እንደ ጠረጴዛ። ከዚያ ባለወፍራም ጎማው የተራራ ብስክሌት ገባና ሁሉም "ወደ ኋላ ዘቅዘቅ አድርግልኝ" አለ። ቀጥሎ ቀለም። አንዱ በሦስት ቀለም፣ አንዱ እሳት የመሰለ ነበልባል፣ አንዱ ደግሞ የእጮኛውን ስም በላይኛው ቱቦ ላይ በወርቃማ ፊደል። ስሙን ጽፌ ቀለሙ ሳይደርቅ መጥቶ "ጋሽ በላቸው፣ አጥፋው" አለኝ። "ልጂቱ ምን አለች?" ስለው "ብስክሌቱ ይሻልሃል አለችኝ" አለ። ከዚያ ከውጭ ቀላል ብስክሌት በገፍ ገባና እኛን የሚያስታውስ ጠፋ። ጥገና እየሠራሁ ቆየሁ። በመጨረሻ ወጣቶቹ ተመለሱ፣ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ቀጥ ያለ፣ በልካቸው የተሠራ ፈልገው። ያኔ ነው ሙሉጌታ የመጣው።

ሙሉጌታ ከክለብ ልጆች ጋር የሚሽቀዳደም ጎበዝ ጋላቢ ነበር። "ጋሽ በላቸው፣ አይተው የማያውቁት ነገር ይሥሩልኝ" አለኝ። ሠራሁለት። ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም። ናሱን ሞርጄ ሞርጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በጥፍሬ ስስብ የቱ ጋ ቱቦው አልቆ የቱ ጋ እንደጀመረ እኔ ራሴ ጠፋኝ። ጥቁር ቀባሁት። ጋሽ ዘርዓይ ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ለራሴ ጮክ ብዬ አልኩት። ሙሉጌታ ጓደኞቹን እያመጣ በጥፍራቸው ያስፈትሽ ነበር።

ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ ነው የተሰበረው። የፊተኛው ቱቦ ከመሪው ሥር ተቆርጦ ሄደ፣ ልጁ በትከሻው ወደቀ፣ አጥንቱ ተሰበረ። ጓደኞቹ ስብርባሪውን ሱቄ ድረስ አምጥተው አሳይተውኝ ይዘውት ተመለሱ። ሳየው ወዲያው ነው የገባኝ፤ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም፣ ያመጡትም ልጆች አይተውታል። ናሱ ያለቀበት ጠርዝ ላይ ቱቦው እንደ ቆርቆሮ ሳስቷል። እንዳያስታውቅ ብዬ ስሞርድ ናሱን ጨርሼ ብረቱን በልቼዋለሁ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሙሉጌታ እጁ ታስሮ ተቀምጧል። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲያውም እንዲሰድበኝ እየጸለይኩ ነው የገባሁት።

"ልጄ፣ ተርፈህልኛል። እንደገና እሠራልሃለሁ፣ ከዚያ የተሻለ" አልኩት።

ዓይኑን ሰበረ። "ጋሽ በላቸው፣ አይቀየሙኝ፤ ልጆቹ ለጋሽ ተካልኝ ሰጥተውታል። ቱቦውን ቀይሮ ይጠግነዋል አሉ።"

ያመጣሁትን ብርቱካን አስቀምጬ ወጣሁ። የልጁ መውደቅ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ በእግዚአብሔር እምላለሁ። ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሚመላለስብኝ ሌላ ነበር። የኔን ቴላዮ፣ ከሥራዬ ሁሉ ያማረውን፣ ተካልኝ ሊነካው ነው።

ነካውም። ሙሉጌታ ሲያገግም ውድድር ደርሶበት "ቶሎ በል" ብሎ አጣደፈው። ተካልኝ አዲሱን ቱቦ በየደ፤ ለመሞረድ ጊዜ የለም፣ እሱም ሰበብ አግኝቶ ነው፣ ቀለም "በኋላ ይቀባል" ተባለ። ልጁ በዚያው ወጣ። ጥቁር ብስክሌት፣ ከፊቱ አንድ ራቁቱን የሆነ ቱቦ፣ በዙሪያው ቢጫ ናስ እንደ ቀለበት። ያየ ሁሉ "ይኼ ምንድን ነው? የት አሠራኸው?" አለ። በሳምንቱ አንዱ ጀሞ ሄዶ "እንደ ሙሉጌታ፣ ግን ሁሉንም መጋጠሚያ" ብሎ አዘዘ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። ተካልኝ የበር ፍርግርጉን ተወ።

እንግዲህ ፋሽን የምትሉት ይህ ነው። የኔ ሞረድ የሰበረውን ተካልኝ ሳይሞርድ ጠገነው፣ ዓለምም አጨበጨበ። ዕድሜ ልኩን ስንፍና ሲባል የኖረው ነገር ስም ወጣለት፤ "ዲዛይን" ሆነ። አንድ ጊዜ እግሬ ጀሞ አድርሶኝ በሱቁ ፊት አለፍኩ፤ አለፍኩ ነው የምለው፣ ከበቡሽ ግን ሁለት ታክሲ ይዘህ ማለፍ አለ ወይ ትላለች። በሩ ላይ እንደ ታክሲ ጥቅስ በትልቁ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ለጥፏል። ቆሜ አነበብኩት። ጸሎቱማ ተሰምቶለታል።

ቤት መጥቼ "ደግሞ እኮ ናስ ያሳያል! ሱሪ ገልብጦ ስፌቱን ወደ ውጪ እንደመልበስ ነው!" ብዬ ስንጨረጨር ከበቡሽ ሽንኩርቷን ሳታቋርጥ፣ "ብየዳህ አያስታውቅም ነበር፣ አልካድኩም" አለችኝ። "ቅናትህ ግን ከሩቅ ያስታውቃል።"

ልጃችን ሕይወት ከት ብላ ሳቀች። ሕይወት አንዲት ልጄ ናት። ነፋስ ስልክ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በየጠዋቱ የላፍቶን ታክሲ ሰልፍ እየተራገመች ትሄድ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ "አባዬ፣ የኔን መቼ ነው የምትሠራው?" ትለኝ ነበር። ይህን ደንበኛ ልሸኝ፣ ያኛውን ልሸኝ እያልኩ አቆየኋት። ለሷ ብዬ የመረጥኳቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ግን በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። ከሁሉ የበለጠው ሥራዬ የሷ ይሆናል እያልኩ። ከዚያ ዓይኔ ደከመ። ሐኪሙ የእሳት ብርሃን ጨርሶ ከለከለኝ፤ አንዱ ዓይኔ ጭጋግ ሆነ። ሱቁን ስዘጋ የደንበኛ ሥራ የቀረብኝ የለም፤ የቀረብኝ የሕይወት ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ እንደዋዛ አለችው።

"አባዬ፣ ብስክሌት ላሠራ ነው።"

"የት?" አልኩ፤ የት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው?

"ጋሼ ተካልኝ ጋ። ትናንት ለካኝ።"

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። ለካኝ! ልጄን ሌላ ሰው ለካት! እግሯ ከወገቧ በላይ ካለው አካሏ እንደሚረዝም፣ ግራ ትከሻዋ ትንሽ ወደ ፊት እንደሚያጋድል፣ ክንዷ የእናቷ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ እኔ አይደለሁም እንዴ የማውቀው?

"ናሱም ይሞረድ አላልሽው?"

"ኧረ! ይታይልኝ ነው ያልኩት" አለች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከአልጋ ሥር ያለውን ቱቦ ልወስደው፣ አባዬ?"

"ይዛግ!" ብዬ ተነሳሁ። በማግስቱ ግን አልጋው ሥር ሳይ ጨርቁ ብቻ ነው ያለው። ከበቡሽ ሰጥታታለች። ስጠይቃት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ላንተ ቢሆን ኖሮ ከነአልጋው ይቀበር ነበር" አለችኝ። እንግዲህ ቱቦው የኔ፣ ልጂቱ የኔ፣ እጁ የሱ። የብስክሌቱ ሥራ እስኪያልቅ ቤት ውስጥ የማወራው ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ነበር።

ብስክሌቱ የመጣ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሕይወት ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደገፈችውና ልብሷን ልትቀይር ገባች። ከበቡሽ ልብስ ታሰጣለች። እኔ ምንም እንዳልመሰለኝ ቆየሁና፣ ማንም እንደማያየኝ ሳረጋግጥ መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ።

ቀዳዳ ፈለግሁ። ናስ ከመጠን በላይ ከጋለ አረፋ ይሠራል፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል። የለም። የተቃጠለ ቦታ ፈለግሁ። የለም። ናሱ ከመጋጠሚያ መጋጠሚያ እኩል፣ ስስም አይደል፣ ወፍራምም አይደል። ራሴን አልዋሽም፤ ያምራል። ጋሽ ዘርዓይ መስኮት አጠገብ ሄዶ ያየው ነገር ምን እንደነበር ያኔ በቅርብ አየሁት። ያም ሆኖ ጥፋት መፈለጌን አልተውኩም። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ግን መጥመምስ? ክር አመጣሁ። የቴላዮ ቀጥተኛነት የሚፈተነው በክር ነው፤ ክሩን ከኋላ ጎማው ማሠሪያ አንሥተህ፣ በፊተኛው የመሪ ቱቦ ዙሪያ አዙረህ፣ ወደ ኋላ በሌላው ጎን ትመልሰዋለህ። ከዚያ መሐል ላይ፣ ኮርቻው ከሚቆምበት ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ትለካለህ። እኩል ካልሆነ ቴላዮው ጠማማ ነው። ጎንበስ ብዬ በማስመሪያ ለካሁ። ግራው ይሰፋል! እንደገና ለካሁ። ይሰፋል! ልቤ ዘፈነች። በስተርጅና እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ከበቡሽ! ነይማ፣ ነይ ቶሎ!"

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ማስመሪያውን ሰጠኋት።

"ግራና ቀኙን እይልኝ። ግራው አይሰፋም?"

ጎንበስ ብላ አየች። "እኩል ነው።"

"በደንብ እይ እንጂ!"

"በላቸው፣ እኩል ነው አልኩህ።"

"በየትኛው ዓይንሽ ነው ያየሽው?"

"በሁለቱም። አንተስ በየትኛው ነው ያየኸው?"

ያየሁት በጭጋጋሙ ነበር።

"እኩል ነው፣ አባዬ" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ሕይወት በሩ ላይ ቆማለች፤ ለካ ሁሉንም ስታይ ነበር። "እኔም ለክቼዋለሁ።"

"አንቺ? የት?"

"እዚያው ሱቁ ውስጥ። ሳልለካ አልወስድም አልኩት። ከጎኑ ካለው ልብስ ሰፊ ክር ለምኜ፣ ደንበኛው ሁሉ እያየኝ ለካሁ። ድሮ ሱቅህ ስውል አሳይተኸኝ የለ?"

ከበቡሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ምን አለ ታዲያ? አልተቆጣም?"

"ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። 'ቁርጥ አባቷን! ቁርጥ በላቸውን!' እያለ። አባትሽ እኮ የጋሽ ዘርዓይን ሥራ ሳይቀር በድብቅ ይለካ ነበር፣ አለኝ።"

እውነት ነው፣ እለካ ነበር። ተካልኝ ያየኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ልጄ እኔን መምሰሏ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ የመጣብኝ ምን መሰላችሁ? ይህንንም ቀደመኝ። ያሳደግኋት እኔ፣ ክሩን ያስያዝኳት እኔ፣ ቁርጥ አባቷን ብሎ በሰው ፊት የመሰከረው እሱ።

ሕይወት ብስክሌቱን ከግድግዳው አነሣችው። "ሰኞ ሱቁ ስሄድ 'አባትሽ አየው? ምን አለ?' ብሎ ይጠይቀኛል። ደጋግሞ ነው የነገረኝ፤ የበላቸውን ቃል ይዘሽልኝ ነይ ብሏል። ምን ልበለው?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል? ምን እንደሚገባው አውቃለሁ። ምላሴ ላይ ነበር። ግን እንከን ልፈልግ ተነሣሁ። ብስክሌቱን ዞርኩት፣ እንደገና ዞርኩት። በመጨረሻ አገኘሁ! የኋላ ፍሬኑ ካቦ ከልኩ በላይ ረዝሞ ከመሪው ፊት እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንዘላዝሏል።

"ለተካልኝ ንገሪው" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። "ያ ካቦ ምንድን ነው? ጀማሪ እንኳ እንደዚያ አድርጎ አይቆርጥም። አባቴ አፍሮብሃል በይው።"

"በላቸው!" አለች ከበቡሽ።

ሕይወት ግን አልተቀየመችም። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትታገል ቆየች። "እሱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ልሞክረው ብዬ ለምኜው ነው።"

ካቦውን እንደገና አየሁት። ጫፉ ትንሽ ተበጣጥሷል፤ መቁረጫውን አዘንብላ ይዛው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙም አይደል።

"አሳየሽ እንዴት እንደሚቆረጥ?" አልኳት።

"አይ፣ ሰው መጣበትና ሰኞ አሳይሻለሁ አለኝ።"

"ፒንሳዬን አምጪ" አልኳት። "አሁኑኑ፣ ሰኞ ሳይደርስ።"